ዓሣና ፍም፦ ከሽንፋ ወንዝ እስከ ኖርድማርካ

«ዓሣ የእኛ ምግብ አይደለም» የሚል አነጋገር በመካከላችን ዘወትር ይሰማል። በበጋ ወራት ወደ ሶግንስቫን ወይም ወደ ኖክለቫን ለሽርሽር ስንወጣ የምንይዘው ስንቅ ራሱ ምስክር ነው፤ የበጉ ሥጋ፣ የዶሮው ክንፍ፣ ቋሊማው ሁሉ ተዘጋጅቶ ሲመጣ ከፊታችን ባለው ውኃ ውስጥ የሚዋኘውን ዓሣ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ልጆቻችን በበኩላቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ዱር ውለው ሲመለሱ፣ ኖርዌጂያኖች አቦር የሚሉትን ዓሣ አጥምደው በእንጨት ሰክተው ጠብሰው እንደበሉ ይነግሩናል። እኛም «አበጃችሁ» ብለን ነገሩን እንደ ፈረንጅ ጨዋታ እናልፈዋለን። ለመሆኑ ዓሣን ከውኃ አውጥቶ እዚያው ዳር ላይ በፍም ጠብሶ መብላት የማን ልማድ ነው? ይህ ጽሑፍ ይህን ለመመርመር የተነሣ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።)

የሰው ልጅ ዓሣን በእሳት ማብሰል የጀመረው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በእስራኤል ሰሜን፣ በዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብ በሚገኝ ቦታ ከ780,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ትልልቅ ዓሣዎችን በልክ በሆነ እሳት ያበስሉ ነበር። ምስክሩ የዓሣው ጥርስ ነው። ጥርሱ ሙቀት ያገኘው መሆኑ ታውቋል፤ የሙቀቱ መጠን ግን የማቃጠል ሳይሆን የማብሰል ነበር። እነዚያ ዓሣዎች በጣና ከሚኖሩት ላቤዮባርበስ ከሚባሉት ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በገዛ አገራችን የተገኘው ነው። ከጎንደር ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ሽንፋ የሚባል ወንዝ አለ፤ ወደ ዓባይ ከሚገብሩት አንዱ ነው። በክረምት ደፍርሶና ሞልቶ ይወርዳል፣ በበጋ ግን ፍሰቱ ይቋረጥና ውኃው እዚህም እዚያም በኩሬ ብቻ ይቀራል። በዚህ ወንዝ አጠገብ በተደረገ ቁፋሮ የጥንት ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ተገኘ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የሚመሩት የተመራማሪዎች ቡድን ውጤቱን በማርች 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አውጥቶታል።

በቦታው ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የዱር እንስሳት አጥንት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የዓሣ አጥንት ተገኝቷል። አንዳንዱ አጥንት የቢላ ምልክት ያለበት፣ አንዳንዱም እሳት የነካው ነው። ከአፈሩ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ የመስታወት ብናኞች ወጡ፤ ብናኞቹ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ትቢያ ናቸው። ያ ፍንዳታ የብዙ አገሮችን አየር እንዳዛባ ይታመናል። በሽንፋም ከፍንዳታው በኋላ በጋው ረዘመ፣ ድርቁም በረታ። ታዲያ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ቀድሞ ከሚበሉት የበለጠ ዓሣ መብላት ጀመሩ። ኩሬው እየጠበበ ሲሄድ በውስጡ የተጠራቀመውን ዓሣ መያዝ ይቀላል። አንዱ ኩሬ ሲራቆት ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ሰው ከአፍሪካ ወጥቶ ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው በእንደዚህ ያሉ በጋ በሚደርቁ ወንዞች ዳር፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሻገረ ሊሆን ይችላል።

ከመካከላችን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ በእግራቸው የተሻገሩ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። ያንኑ ቆላ፣ ያንኑ የደረቀ ወንዝ፣ ያንኑ የኩሬ ውኃ ያውቁታል። ያን ጊዜ ስለ ዓሣ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ሌሊት ተጉዞ ቀን መደበቅ ነበር ጉዳዩ። ሆኖም እነሱ በሄዱበት አገር ከሰባ ሺሕ ዓመት በላይ ቀድሞ ሌላ ስደተኛ ዓሣ ጠብሶ ነፍሱን አቆይቶበታል። እንግዲህ ዓሣ የእኛ አይደለም ከተባለ የማን ሊሆን ነው?

ነገሩ የተለወጠው ኋላ ነው። ደገኛው ኑሮውን በእርሻና በከብት ላይ መሠረተ፤ ወንዞቹ በገደል የሚወርዱ፣ ሐይቆቹና ሰፋፊዎቹ ወንዞች ደግሞ ወባ ያለባቸው ቆላዎች ነበሩና ዓሣ ከገበታው ራቀ። ቋንቋችን ግን አልረሳውም። «ዓሣ ግማቱ ካናቱ» እንላለን፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንላለን። ሁለቱም ተረቶች ዓሣን የሚያነሡት ለጥርጣሬ እንጂ ለምስጋና አለመሆኑ ያስገርማል። የወንዝ ዳር ልጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃ ላይ በመበተን ዓሣውን አስክረው ይይዙት እንደነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ የያዙትንም እዚያው ጭራሮ አንድደው ይጠብሱት ነበር። ይህ ግን የእረኞች ነገር ተብሎ የሚታለፍ እንጂ ለእንግዳ የሚቀርብ ምግብ አልነበረም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውም ክርክር የቆየ ነው፤ ለካህናቱ ልተወው።

የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል የወይጦዎች ነው። ወይጦዎች በጣና ዙሪያ፣ በተለይም በባሕር ዳርና በአካባቢው የኖሩ የዓሣ አጥማጆችና የታንኳ ሠሪዎች ሕዝብ ናቸው። ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ እንጨቱንም፣ ሰውንም፣ እህሉንም ጭኖ ከደሴት ደሴት ሲያመላልስ ኖሯል። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እስከ 1934 ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረውና የጣናን ዳርቻ ዞሮ የለካው ሜጀር ቺዝማን፣ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ወይጦዎች ጽፏል። ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር። አብሮ መብላትም ሆነ መጋባት አልነበረም። ዕቃቸውን የማይነካ ሰው ግን በታንኳቸው ይሻገር ነበር፤ ያጠመዱትንም ዓሣ ይገዛቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። «ዓሣ የእኛ ምግብ አይደለም» ስንል «እኛ» የምንለው ማንን እንደሆነ ሳናስተውል ነው። በጣና ዳር፣ በዝዋይ ደሴቶች ላይ፣ በባሮ ዳር በጋምቤላ፣ በጫሞና በዓባያ ዓሣ አጥምዶ ጠብሶ የሚያድር ሕዝብ ሁሉ ከዚህ «እኛ» ውጭ ሊቀር ነው ማለት ነው። በአዋሳ አሞራ ገደል ከሐይቁ የወጣውን ቆሮሶ ቆዳውን ሰንጥቀው በዘይት ጠብሰው ከዳጣ ጋር የሚያቀርቡትን የበላ ሰው ይህን አነጋገር ሊደግመው አይገባም።

የጣና ዓሣ በ1986 ሌላ ምዕራፍ ጀመረ። በዚያ ዓመት አንድ የሆላንድ የእርዳታ ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር በመሆን ሞተር ያላቸው ጀልባዎችንና የናይለን መረብን ወደ ሐይቁ አስገባ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ገበያም ዓሣ በብዛት አገኘ። ነገር ግን ትልልቆቹ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በአፋቸው መግቢያ ላይ መረብ ይጠብቃቸው ጀመር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የእነዚህ ዓሣዎች መጠን ወደ ሩብ እንደወረደ ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ። በደንገል ታንኳና በትንሽ መረብ ዘመናትን ያስቆጠረ ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዲህ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ ሁለተኛው አገራችን ስንመለስ፣ ኖርዌጂያን ዓሣን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። በጉድብራንስዳለን አካባቢ፣ በጋውስዳል በተባለው ቦታ፣ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ገደማ የተቀረጸ አንድ የሩን ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አለ። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ጦርነት ወይም ስለ ንጉሥ አይደለም። ኤይሊቭ ኤልግ የሚባል ሰው ዓሣ ተሸክሞ ወደ ራውድሾ ሐይቅ መውሰዱን ነው የሚገልጸው። እንግዲህ ዓሣ ባልነበረበት የተራራ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ ማስገባት ስም የሚያስጠራ፣ በድንጋይ የሚያስጽፍ ሥራ ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚቆመው ደብር ላሠራ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ነገር በኢትዮጵያም ተደርጓል። በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ትራውት፣ ማለትም ኖርዌጂያኖች ኦሬት የሚሉት ዓሣ፣ በባሌ ተራራ ወንዞች በወይብና በዳንካ ተለቀቀ። ውኃው ቀዝቃዛ ነውና ተስማማው፣ ተራባም። ስለዚህ ከባሌ የመጣ ወገናችን በኖርድማርካ ኦሬት ቢያጠምድ እንግዳ ዓሣ አላጠመደም።

ኖርድማርካና የቀረው የኦስሎ ጫካ ለከተማው ሕዝብ የተከፈተ መሆኑ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም። የተረት ሰብሳቢው ፔተር ክሪስተን አስቢዮርንሰን (1812–1885) የዚሁ ከተማ ልጅና የታወቀ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ከተረቶቹ አንዳንዶቹ የሚጀምሩት ዘንግ ይዞ በአከርሴልቫ ዳር ሲወጣ ነው። ይኸው ሰው በ1864 ስለ ምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳትሞ፣ የገበሬ ሚስቶች ገንፎ ከበሰለ በኋላ ጥሬ ዱቄት ጨምረው ማውረዳቸው ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ። የሕዝቡን ኑሮ ያጠና የነበረው ኤይለርት ሱንት ለሴቶቹ ተከራከረላቸው፤ ጭቅጭቁም በታሪክ «የገንፎ ጦርነት» ተብሎ ቀረ። ገንፎን በተመለከተ አገራችን በዚህ ላይ የምትጨምረው አስተያየት ሳይኖር አይቀርም።

ሌላው ሊነሣ የሚገባው ፍሪድዮፍ ናንሰን ነው። የተወለደው በ1861 ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረው በስቱረ ፍሮን ሲሆን፣ በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር በኖርድማርካ ዓሣ እያጠመደ፣ ዱር እያደረ አድጓል። ዋልታውን ሊፈልግ የሄደው ሰው የበረዶውን ኑሮ የተለማመደው እዚህ ነው። በ1921 የመንግሥታቱ ማኅበር የስደተኞች ኮሚሽነር ሆነ፣ በ1922 አገር ለሌላቸው ሰዎች በስሙ የተጠራውን ፓስፖርት አስወጣ፣ በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ከኛ ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባነው በእጃችን በያዝነው የስደተኛ ሰነድ ነው። የዚያ ሰነድ አያት የናንሰን ፓስፖርት መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ጫካውም የራሱ በሽታ ነበረበት። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ፋብሪካዎች በንፋስ የመጣው ድኝ ከዝናብ ጋር ወርዶ የደቡብ ኖርዌይን ሐይቆች አሲድ አደረጋቸው። በኦስሎ ጫካም ዓሣ ያለቀባቸው ሐይቆች ነበሩ። በ1979 ጄኔቭ ላይ በተፈረመው ስምምነትና ከዚያ በኋላ በተከተሉት ውሎች መንግሥታቱ ጭሳቸውን ቀነሱ። እስከዚያው ድረስ ግን ዓሣውን ያዳነው ወደ ሐይቆቹ የተበተነው የኖራ ዱቄት ነበር። የከተማው ወንዝ አከርሴልቫም በፋብሪካ ዘመን የሞተ ቦይ ነበር፤ በ1980ዎቹ ሳልመን ተመልሶበታል። በማርች 2011 ከመጠጥ ውኃ ማጣሪያው ክሎሪን አምልጦ ወንዙን እንደገና ባዶ ቢያደርገውም ዓሣው ዳግመኛ ተመለሰ። ጣናም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥበትም ብዬ የማስበው ይህን እያየሁ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ ለብዙ አንባቢ ዋናው ይህ ነውና።

የመጀመሪያው ሕግ ዓሣ በነበልባል አይጠበስም የሚል ነው። እሳቱ ነዶ ነዶ ፍም እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቡና ለማፍላት ፍም የምታራግብ እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ነበልባል ቆዳውን ያሳርርና ሥጋውን ጥሬ ይተወዋል። ዓሣው እንደተያዘ ወዲያው ሆዱ መከፈት፣ ስንጥቡም መውጣት አለበት። የአባቶች ተረት እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ቶሎ የሚበላሸው በስንጥቡ በኩል ነውና። ከአከርካሪው ሥር የተጋደመውን ጥቁር ደም በአውራ ጣት ጥፍር ጠርጎ ማጠብ ነው።

አቦር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ መፋቁ ልብ ያደርቃል። ፋቂ የለኝም የሚል ሰው ከነቅርፊቱ ፍም ላይ ያጋድመው፤ ሲበስል ቆዳው ከነቅርፊቱ እንደ ልጥ ይላጣል፣ ነጭ ሥጋውም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ኦሬት ግን ቆዳው ስስ ነው። ለእሱ የኖርዌጂያን አሮጌ ዘዴ እጅግ የተመቸ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ጨውና ትንሽ ቅቤ ይደረግና ዓሣው በብዙ ወረቀት በተጠቀለለ፣ ውኃ ውስጥ በተነከረ ጋዜጣ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ፍም ላይ ይቀመጣል። እየተገላበጠ ይቆይና ጋዜጣው ደርቆ ማረር ሲጀምር ዓሣው በእንፋሎቱ በስሏል ማለት ነው። የጋዜጣውን ቀለም የሚጠላ ከሥር የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያድርግበት። ነገሩ ድፎ ዳቦን በኮባ ጠቅልሎ ከመድፋት የራቀ አይደለም፤ ቅጠሉም ጋዜጣውም የሚያደርጉት እርጥበቱ እንዳይሸሽ መያዝ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በእርጥብ እንጨት መሰካት ነው። እንጨቱ ከአፉ ገብቶ በጅራቱ በኩል ከአከርካሪው ጋር ይያያዛል፣ ከዚያም ከፍሙ ጎን አጋድሎ መሬት ላይ ይተከላል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፣ ጨዋታም ይፈልጋል። ማጣፈጫን በሚመለከት ኖርዌጂያን ጨውና ቅቤ ይበቃዋል። እኔ ግን ሚጥሚጣ በሎሚ አሽቶ በቆዳው ስንጥቅ መቀባትን የሚስተካከል ነገር አላየሁም። አዋዜ ከዘይት ጋር ከሆነ ደግሞ የሚቀባው ከበሰለ በኋላ ይሁን፤ ፍም ላይ በርበሬ ያርና ዓይን ያወጣል።

እሳቱ የት ይነደድ ለሚለው፣ ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በጫካ ውስጥ ወይም በጫካ አጠገብ እሳት ማንደድ በጠቅላላው የተከለከለ ነው፤ ቃጠሎ ሊያስነሣ እንደማይችል ግልጽ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በውኃ ዳር ሜዳ፣ ብቻ ይፈቀዳል። ድርቅ ሲበረታ ማዘጋጃ ቤቱ ይህንንም ሊከለክል ይችላል። በባዶ ቋጥኝ ላይ ማንደድ ደግሞ አይገባም፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃልና። ቆሞ ያለ ዛፍ አይቆረጥም፣ የወደቀ ጭራሮ ይበቃል። ክልከላው የሚያበቃው ከመስቀል ደመራ አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ መሆኑ ለእኛ የተደረገ ይመስላል።

በ1957 የወጣው የዱር ሕግ ማንም ሰው በጫካው እንዲዘዋወርና እንዲያድር ይፈቅዳል፤ ዓሣ ማጥመድን ግን አይጨምርም። በሐይቆቹ ለማጥመድ ፊስከኮርት የሚባለው ፈቃድ መገዛት አለበት፤ በኦስሎ ጫካ የሚሸጠው የኦስሎ ማርካ የዓሣ አስተዳደር፣ በአጭሩ ኦ-ኤፍ-አ፣ ነው። ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦገስት 20 በሐይቅ በነጻ ያጠምዳሉ፤ ይህን የማያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከ25 ሳንቲሜትር የሚበልጥ አቦርና ከ1 ኪሎ የሚበልጥ ኦሬት እንዳትበላ የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ይመክራል፤ ሜርኩሪ ይጠራቀምባቸዋልና። ትንሹ ዓሣ የሚሻለው በጣዕሙ ብቻ አይደለም።

በባሕሩ በዘንግ ለማጥመድ ፊስከኮርት አያስፈልግም። ሆኖም በኦስሎ ፊዮርድ ኮድ የሚባለው ዓሣ በመመናመኑ ከጁን 2019 ጀምሮ እሱን ማጥመድ ተከልክሏል፤ በዘንግ የተያዘም ካለ በሕይወቱ ወደ ውኃው ይመለሳል። ሕጉ ከዚያም ወዲህ እየጠበቀ ስለመጣ፣ ከመውጣት በፊት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ማየት ይገባል። የበጋው ማክሬል ሲያጋጥም ደግሞ ስቡ ብዙ ነውና ጋዜጣም ቅቤም አያስፈልገውም፤ ፍሙ ላይ በሽቦ ወንፊት ተጋድሞ በራሱ ስብ ይጠበሳል።